6 ይመታል

ሰኞ፣ የካቲት 3

ልምምድ ቀለል ያለ ነበር። አራት ዙር ሩጫ፣ ሰውነት ማሳሳብ፣ ትንሽ ኳስ። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ሁለት ሰዓት አናት ይበሳል። ግራ ቁርጭምጭሚቴ ስላበጠ ዳር ተቀመጥኩ። ወጌሻችን በረዶ አስሮልኝ ማን ነው እንዲህ ያደረገህ ብሎ ጠየቀኝ። የቱን ልንገረው? ትናንት ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ተመትቻለሁ። ቆጥሬያለሁ። ዳኛው ሦስቱን ነፋ። ካርድ... ባዶ። እኔ አንዴ የሰውዬውን ማሊያ ሳብ ባደርግ ግን ቢጫ። ሲያወጣው ደግሞ ፈገግ ብሎ ነበር። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ከልምምድ በኋላ ቡድን መሪያችን አቶ ሰንበታ አስጠሩኝ። ከመስከረም ወዲህ ሁለት ቀይ አይቻለሁ። ሦስተኛ ከደገምክ ማሊያህን አስረክበህ ትሄዳለህ አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚህ ክለብ ከወጣሁ የሚወስደኝ ቡድን የለም። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ስለ ዘጠኙ ነገርኳቸው። "ኳስ ነው፣ ያጋጥማል" አሉኝ።

እኔን ሲመቱኝ ኳስ ነው። እኔ ስመታ ጠባይ ነው። እሺ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ፕሮግራም ወጣ። የካቲት 16፣ እዚሁ አዳማ፣ ከሐይቅ ዳር ጋር።

የአዳሚ ቱሉው ሐይቅ ዳር... ሦስት ዓመት የለበስኩት ማሊያ። ስድስት ቁጥር። አሰልጣኙ ፈዬራ "ስድስት ማለት መሳይ ነው" ይል ነበር በየስብሰባው። ከዚያ አምና ጉልበቴን ታመምኩ። ሁለት ወር ተኝቼ ስመለስ ስድስት ቁጥር ጫምሳ ላይ ነበር። ጫምሳ! አንድ ክፍል የምንተኛ፣ ከአንድ ትሪ የምንበላ ልጅ። "አሰልጣኙ ልበስ አለኝ፣ ለበስኩ" ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። አለቀ።

ሐምሌ ላይ ደግሞ ከፈዬራ በቴሌግራም አንዲት መስመር መጣችልኝ። ስላበረከትከው አስተዋጽኦ ክለቡ ያመሰግንሃል። ደወልኩ፣ አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ... ሦስት ዓመት በአንድ መስመር። ሰው ለማያውቀው ሰው እንኳ ሁለት መስመር ይጽፋል።

ጫምሳ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ደውሏል። አላነሳሁም። ምን ሊለኝ ነው?

እሑድ፣ የካቲት 9

አንድ ለአንድ። ሰባት ጊዜ ተመታሁ። ካርድ የለም።

ጎሉን ያገባሁት እኔ ነኝ፣ በቅጣት ምት፣ ግድግዳውን አሻግሬ። ማታ አንድ ሰው እንኳ አላነሳውም። በረኛችን ሚኪያስ ብቻ "አሪፍ ናት" አለኝ፣ እሱም ስልኩን እያየ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

በልምምድ ሚኪያስን ገፈተርኩት። በምን? የእጅ ውርወራ የማን ነው በሚል! ለልምምድ ጨዋታ! ደረቱን ስገፋው እጁን ዘርግቶ አየኝ። አብረን የምንኖር ሰዎች ነን እኮ፣ ጠዋት ዳቦ የገዛልኝ እሱ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ ባጃጅ ላይ አንዱ ተጋፍቶኝ ገባ። በኮሌታው ጎትቼ አወጣሁት። ትልቅ ሰው ነበር፣ ከፊት አላየሁትም። ሹፌሩ "ምን ሆነሃል ወንድሜ?" አለኝ። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ በእግሩ ሄደ። እሱ ይቅርታ ጠየቀ!

እሑድ እስኪደርስ ራሴን መያዝ አለብኝ። አንድ ቀይ ብቻ ናት የቀረችኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ምሳዬን ሳልጨርስ ነው የምጽፈው።

ሐይቅ ዳሮች ትናንት ገብተው ሆቴል አርፈዋል። እዚያ ሽኩር የሚባል አስተናጋጅ አለ፣ የሚኪያስ ጓደኛ፣ የእኛ ደጋፊ። ዛሬ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ አድርገው ሲወጡ፣ ብርጭቆ ሊያነሳ ገብቶ ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አንስቶታል። ለሚኪያስ ላከለት። ሚኪያስ ምሳ እየበላን ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝና "እስቲ ይሄን እየው" አለኝ።

የላይኛው ክፍል ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አርፎበት ነጭ ሆኗል፣ ምንም አይነበብም። ከታች ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

7 ይያዛል
6 ይመታል

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሚኪያስ ማንኪያውን አስቀመጠ።

የፈዬራ ጽሑፍ ነው። ሦስት ዓመት አይቼዋለሁ፣ "ል"ን ሲጽፍ እግሯን ይጠማዝዛታል። በእኛ ቡድን ስድስት ማን ነው? እኔ። ሰባት ቁጥራችን ይያዛል፣ ማለት ሰው ይመደብበታል። እኔ ግን አልያዝም... እመታለሁ! ተጽፎ! በሰሌዳ ላይ! እስካሁን እኮ ዳኛው አይቶ እንዳላየ ሲሆን፣ ምናልባት እኔ ነኝ የማጋንነው እያልኩ ነበር። ምን አጋነንኩ?

ሚኪያስ ለአቶ ሰንበታ እናሳያቸው አለ። ለምን? ኳስ ነው ያጋጥማል ሊሉኝ? እምቢ አልኩ።

የሚመታኝስ ማን ነው? መሐል ላይ ፊት ለፊት የምገጥመው አንድ ሰው ነው። ጫምሳ። ቁጥሬን የለበሰው እሱ፣ እግሬንም የሚፈልገው እሱ። ጉልበቴ የቱ ጋ እንደሚያመኝ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ በቅባት ያሸኝ የነበረው እሱ ነው።

እንግዲህ ማን እንደሚቀድም እናያለን።

እሑድ፣ የካቲት 16

ቀደምኩት።

ከጨዋታው በፊት ሊያቅፈኝ መጣ። "መሴ፣ ጠፋህ እኮ" አለኝ። እጄን አልሰጠሁትም። ፈዬራ ከዳር ሆኖ አየን፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

አሥር ደቂቃ ማንም አልነካኝም። አንድም ሰው! ኳስ ስይዝ እንኳ ሁለት እርምጃ ይርቁኛል። ተንኮላቸው ነው፣ እስክዘናጋ እየጠበቁኝ ነው አልኩ በልቤ። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ኳስ መሐላችን ላይ ወደቀች። ጫምሳ ሊያሳርፋት ቀኝ እግሩን ዘረጋ። ኳሷን አላየሁም፣ እውነቱን ልጻፍ። እግሩን ነው ያየሁት።

ድምፁን ሰማሁት። ተመልካቹም የሰማው ይመስለኛል። ጫምሳ እናቱን ጠራ፣ በኦሮምኛ፣ አንዴ ብቻ። ዳኛው ቀዩን ሲያወጣ ዞር ብዬም አላየሁት። የሐይቅ ዳር ልጆች ይመቱኛል ብዬ ቆሜ ስጠብቅ አንድም የመጣብኝ የለም። ሁሉም ወደ እሱ ሮጡ።

ቅልጥሙ ነው አሉ። ሁለት ቦታ።

አልጸጸትም። እኔ ባልቀድም አሁን አልጋ ላይ የምተኛው እኔ ነበርኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጾም ገባ። ጠዋት አቶ ሰንበታ ማሊያዬን እንዳመጣ አስጠሩኝ። ሚኪያስ አብሮኝ ሄዶ ፎቶውን አሳያቸው። ስድስት ይመታል፣ ብዬ አነበብኩላቸው። ሰውዬው ተለወጡ። ቁጭ በል አሉኝ። ሻይ አዘዙልኝ! ዲሲፕሊን ኮሚቴው የካቲት 28 ይቀመጣል፣ ይሄን ካቀረብክ ራስህን ለመከላከል ነው ይባላል፣ ሦስት ጨዋታ ብትታገድ ነው፣ ክለቡም ከጎንህ ነው፣ ፈዬራ ግን ከአሰልጣኝነት ይታገዳል አሉ።

ማታውን ፎቶው የደጋፊዎቹ ቴሌግራም ላይ ወጣ። "ፍትሕ ለመሳይ" ብለውበታል። ፈዬራን የማይሰድበው የለም። ስልክ ቁጥሩን ሳይቀር ለጥፈውታል።

አነበብኩ፣ አነበብኩ... ደስ አለኝ። ይቅመሳት።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ሆስፒታል ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም። ሚኪያስ ነው ሐሳቡን ያመጣው፦ ጫምሳ አፍ አውጥቶ ታዝዤ ነበር ቢል፣ ድምፁን ብትቀዳው፣ ኮሚቴው ፊት ፈዬራ አለቀለት። ከክፍሉ በር ላይ ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ ኪሴ ከተትኩ።

እናቱ አጠገቡ ነበሩ። ወይዘሮ ዘርፉ፣ በስም ነበር የማውቃቸው። ከአዳሚ ቱሉ በዚያው እሑድ ማታ ነው የመጡት። ሳያቸው ጫምሳ ቁርጥ እሳቸውን ነው። ተነስተው የተቀመጡባትን ዱካ ሰጡኝ። እምቢ ብል በትከሻዬ ይዘው አስቀመጡኝ። "አንተም ከቡድኑ ነህ ልጄ?" አሉኝ። ምን ልበል? ጫምሳ ቀደመኝ። "መሳይ ነው እማዬ፣ አንድ ክፍል አብረን ነበርን" አላቸው። ግንባሬን ሳሙኝ። ብርቱካን ልጠው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ የታዘዘ መርፌ ሊገዙ ወጡ።

አልነገራቸውም። ማን እንደሰበረው አልነገራቸውም!

ይሄ ራሱ አናደደኝ። ምን አስቦ ነው? ስልኩን... የሚቀዳውን ሳይሆን ከሚኪያስ የተዋስኩትን አውጥቼ ፎቶውን ፊቱ ላይ ደቀንኩበት። "አንብበው" አልኩት።

"ሰባት ይያዛል፣ ስድስት ይመታል" አለ።

አላልቶ አነበበው። መውንም ታውንም አላልቶ። ኳስ ይመታል እንደሚባለው።

"በደንብ አንብበው" አልኩት።

"አነበብኩት እኮ። የቆመ ኳስ ነው፣ ከላይ ተጽፎ ነበር፣ እዚህ ላይ አይታይም እንጂ። ኮርናም ቅጣት ምትም ስድስት ይመታል፣ ሰባት በግንባር ስለሚገጭ ይያዛል።" ወደ ትራሱ ደገፍ አለ። "እኔ ነኝ ለአሰልጣኙ የነገርኩት። ሳጥን አካባቢ መሳይን እንዳትነኩት፣ ፋውል ከሠራችሁ ራሱ ይመታል፣ እሱ ከመታ ገባ በሉ አልኳቸው።"

አሥር ደቂቃ ማንም አልነካኝም...

ፊቴን ያነበበው ይመስለኛል። ፎቶውን ደግሞ አየው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ አሁን አጥብቆ ነው ያነበበው፣ ለራሱ።

"ለዚህ ነው እንዴ?" አለኝ።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። እናቱ ሲመለሱ ብርቱካኑ እጄ ላይ እንዳለ አዩና ለምን አትበላም አሉኝ። በላሁት። "እግዜር ይስጥህ፣ አንተ እንኳ መጣህ። ያ የሰበረው ሰው የት እንዳለ እንጃ" አሉ። ጫምሳ ጣሪያውን ያያል።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ሁሉንም ልስደብ ዛሬ። ሽኩርን! ፎቶ ማንሳት ካልቻልክ ምን አስነሳህ? ያንን መስኮት! ፈዬራን! "ቅጣት ምት" ብለህ ብትጽፍ ምን ትሆን ነበር? ይሄን ፊደላችንንም! ሁለት መቶ ምናምን ፊደል ይዘን ለማጥበቂያ የምትሆን አንዲት ነጥብ አጣን? አምስተኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪያችን ጠብቆ ሲነበብ፣ ላልቶ ሲነበብ እያሉ ሲያደርቁን ከኋላ ተቀምጬ የምስቅ ነበርኩ። ሳቅ እንግዲህ።

ሚኪያስንም ልሰድበው ነበር። አንተ ነህ ያሳየኸኝ፣ አንተም እንደኔ ነው ያነበብከው አልኩት። አሰብ አደረገና እኔ እኮ አላነበብኩትም አለኝ። እውነቱን ነው። እየው ብቻ ነው ያለኝ። ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። እሱም ከእኔ ሰማ፣ አቶ ሰንበታም ከእኔ ሰሙ፣ ደጋፊውም ከእነሱ። አንድ ሰው ብቻ ነው ያጠበቀው።

ለምን ሌላው ንባብ አንዴም ትዝ አላለኝ? በየሳምንቱ ቅጣት ምት የምመታ ሰው!

ሰኞ፣ የካቲት 24

ለአቶ ሰንበታ ነገርኳቸው። ሻይ አላዘዙም። በሩን ዘጉና፣ "አንተ አጥብቀህ ነው ያነበብከው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "እንግዲያው እንዳነበብከው ተናገር። ውሸት አይደለም።"

ውሸት አይደለም እኮ! እውነትም እንደዚያ ነው ያነበብኩት። ካልኩ ሦስት ጨዋታ ታግጄ እመለሳለሁ። ካላልኩ እገዳው ረጅም ነው፣ ክለቡም ያሰናብተኛል፣ ኳስ በቃኝ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፈዬራ... ለፈዬራ ብዬ ነው ጫማዬን የምሰቅለው? በአንድ መስመር ለሸኘኝ ሰው?

ዛሬ ቴሌግራሙ ላይ አንዱ የፈዬራ ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ስም ጽፎ ነበር። ከሥሩ አርባ ሰው ስቋል። አጥፉት ብዬ ጻፍኩ። እኔንም ሰደቡኝ። "ለመሳይ ፍትሕ" የሚሉት ሰዎች መሳይን ሰደቡት!

ዓርብ፣ የካቲት 28

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በወረቀት የታተመውን ፎቶ አስይዘውኝ አንብብልን አሉኝ። ፈዬራ ከማዶ ተቀምጧል። ከስቷል። አቶ ሰንበታ ከጎኔ ናቸው፣ በጉልበታቸው ነካ አደረጉኝ።

አየሁት ያንን "ል"። እግሯ ጠማማ። ሐምሌ ትዝ አለኝ፣ ያልተነሳው ስልክ ትዝ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ አፌ ላይ የነበረው የጠበቀው ነው። አሁን እንኳ ሳየው ቀድሞ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

"ስድስት ይመታል" አልኩ። አላልቼ።

ሰብሳቢዋ አልገባቸውም። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የጫምሳን ድምፅም ከፈትኩላቸው። ክፍሉ ውስጥ የእሱ ድምፅ ሲሰማ፣ እሱ ከመታ ገባ በሉ ሲል፣ ፈዬራ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

አንድ ዓመት እገዳ። አቶ ሰንበታ ውሳኔው ተነብቦ ሳያልቅ ወጡ። የማሰናበቻ ደብዳቤዬ ሰኞ ይደርሰኛል አለ ጸሐፊው። ደብዳቤ! ይሄኛው እንኳ በቴሌግራም አይደለም።

ደረጃው ላይ ፈዬራን ጠበቅኩት። ያመሰግነኛል ብዬ ነበር መሰለኝ። ሰላምም ሳይለኝ አለፈኝ። ደሜ ፈላ፣ ከዚያ... ምን ይበለኝ? ተጫዋቹን ሰብሬበት፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አሰድቤው? የሐምሌዋ መልእክት ግን አሁንም ልክ አልነበረችም። ዳኛውም ዘጠኙን አላየም። ይሄንንም አልሰርዝም። ግን አንዱም የጫምሳ እግር ዕዳ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ጫምሳ ዛሬ ወጣ። ብረት ገብቶለታል። ከስምንት ወር በፊት ሩጫ የለም ብለውታል፣ ከዚያም በኋላ እናያለን እንጂ ይጫወታል አላሉትም።

ስደርስ ክራንቹን ብብቱ ሥር አድርጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። የኮሚቴውን ነገር ሰምቷል። "ሰማሁ" አለኝ። እናቱ ልብስ ያጣጥፋሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። "መጣህ ልጄ? ጥሩ፣ ብቻዬን እንዴት አድርጌ አወርደዋለሁ እያልኩ ነበር" አሉኝ።

በሩ ላይ ቆምኩ። "እማማ ዘርፉ፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ጫምሳ "መሴ፣ ተው" አለ።

እጃቸው ላይ ያለውን ሸሚዝ አጣጥፈው ጨረሱ። ሻንጣው ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ አዩኝ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ቢመቱኝም ቆሜ ልቀበል ነበር የመጣሁት።

"ልጄ ምን አደረገህ?" አሉኝ።

ምክንያት የሌለኝ ሰው አይደለሁም። ይሄ ደብተር ሙሉውን ምክንያት ነው። ቁርጭምጭሚቴ፣ ቢጫው፣ ስድስት ቁጥር፣ ሰሌዳው። እሳቸው ፊት ቆሜ አንድ በአንድ ፈለግኳቸው፣ ከየትኛው እንደምጀምር።

"ምንም" አልኩ። "ምንም አላደረገኝም።"

ቁጭ አሉ፣ አልጋው ላይ፣ ከልጃቸው ጎን። የክራንቹን እጀታ ያዙ። ከውጭ የሚጠብቃቸው ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋ ተነሱ። ሻንጣውን ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

"ተወው" አሉኝ።

ሻንጣውን በአንድ እጃቸው፣ ጫምሳን በሌላው ይዘው ወጡ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አርፈዋል። እኔ እስከ በሩ ድረስ ከኋላቸው ሄድኩ፣ ባዶ እጄን።